በሚዛን ይክበድ፣ በቀለበት ይለፍ

ባሕሩ ረግቷል እንደ ጠረጴዛ፣
በረዶው ላይ ያልፋል ፈረስ በዋዛ።
የሃፕሳሉ ጀንበር አሥር ሰዓት ሳይሞላ
ወደ ቤቷ ትገባለች ምሳዋን ሳትበላ።

አክስቴ ሳልሜ መብራት አታበራም፤
ጣቷ ዓይን አለው፣ ዓይኗን አትጠራም።
እኔ ልቃቂቱን ጉያዬ አቅፌ
ረድፉን እቆጥራለሁ፣ ድምፅ ሳይወጣ ካፌ፦
አንዱን ዝለይ፣ ሁለት አጣምሪ፣ ክር ጣይ፣
ቀዳዳ ከሌለው ዳንቴል ምኑ ይታይ?

«ክሩ አጥር ነው፣ ልጄ፤ ርስቱ ግን ነፋስ፤
ሸማኔ ሙሉውን ጠቅልሎ ሲያደርስ
እኛ የምንሠራው ባዶውን ነው፣ ቀስ በቀስ።»

ከዚያ ፍሬው መጣ። ከአንድ ዓይን ሰባት
ታወጣለች አላልታ፤ ሰባቱን በአንድ እልባት
በመልሱ ረድፍ ላይ ትሰበስባለች፣
ጤዛ የምታህል ጉብታ ታስቀራለች።
«ይሄስ ለምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቃት፣
«ጌጥ ነው» ትለኛለች ብዬ ስጠብቃት፣
ሳቀች፦ «ሚዛን ነው። ሻርፕ እኮ፣ ከድሮ፣
በግራም ነው የሚሸጥ፤ ገዢው ነው ቆጥሮ።
ፍሬ ያልጣለችበት፣ ማቅጠን ብቻ ያወቀች
ክረምቱን በሙሉ ለአየር ሠርታ ቀረች።»

የዘንድሮው ገዢ ግን፣ ከታሊን የመጣው፣
ለሙሽራ እህቱ ነው፤ በዛ የሱ ጣጣው፦
«በሚዛን ሲጭኑት ሰባ ግራም ይክበድ፤
ደግሞም በቀለበት እንደ ጭስ ሹልክ ብሎ ይሂድ።»

ከክር እንጨቱ ሲወርድ የታመመ ድመት ነው፣
ጭምድድ ያለ ነገር፣ እጅ የማይዘረጋለት ሰው።
ታጥቦ፣ በእንጨት ክፈፍ ከጫፍ ጫፍ ተወጥሮ
ሲያድር ግን፣ ጠዋት ላይ፣ ሌላ ነው ተፈጥሮ፤
ቅጠል በቅጠል ላይ፣ ፍሬ በየጥጉ፣
የመስኮቱ ውርጭ እንኳ ቀናበት በወጉ።

ቀረ ቀለበቱ።
አላት፤ ግን ጣቷ አብጦ
ከአንጓዋ በታች ሥጋ ውስጥ ሰምጦ፣
ሳሙናም የዓሣ ዘይትም ተሞክሮ
ንቅንቅ አላለም፣ እንደ ጥርስ ተቀብሮ።

ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ግን፣ ሌዮንቲኔ
(ሰው መዝጋትን የተማርኩት በእሷ ነው እኔ፣
ገና ድክ ድክ ስል) ጣቷ እንደ ሸምበቆ፣
ቀለበቷ ይሽከረከራል፣ ሰፍቶ፣ ለቆ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም፣
ሲታመሙ እንኳን ደጅ አልተሻገሩም።
ጠቡ በመሬት አይደል፣ በወንድ አልነበረም፤
የአንዲት ቅጠል ንድፍ ናት፤ ማን ሰረቀ? አልታወቀም።
ሁለቱም «የእኔ ናት»፣ ሁለቱም «ሌባ ናት»፤
ውሏ የጠፋባት ልቃቂት ማን ይፍታት?

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በጨርቅ ጠቅልላ
በረዶውን ረገጠች፣ እኔን አስከትላ።
«ማን ሞተ?» አለች ያች፣ በሩን በስሱ ከፍታ።
«ማንም። ቀለበትሽን። ለአንዲት አፍታ።»

ሌዮንቲኔ ዝም አለች። ወደ መብራቱ ሄደች፣
አሽከርክራ አወጣች፣
የሻርፑን ጫፍ ይዛ በወርቁ ከተተች፣
ሳበች።
እንደ ውኃ ፈሰሰ፣ አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ።
መሐል ሲደርስ ግን ፍሬዎቹ ተጋፉ፣
እንደ እሑድ ምእመን በአንድ በር ሊያልፉ።
ያዘ።

አክስቴ ፊቷ ዐመድ። እኔ ትንፋሽ የለኝ።
ሌዮንቲኔ ግን አልጎተተችም፤ ጎንበስ ብላ አየች፦
«እዚህ ረድፍ ላይ፣ ሳልሜ፣ ቆጠራ ስተሻል፤
ሰባት ባልሽው ቦታ ስምንት አፍርተሻል።
የእኔን ቅጠል ስትሠሪ...» አለችና አቆመች፤
«የእኛን» ያለች መሰለኝ፣ ወይ ደግሞ አሳለች።

በመርፌ ጫፍ ነክታ ያቺን ፍሬ አላላች፣
በምራቋ አርሳ በአውራ ጣት ገፋች፤
ሹልክ።
ሻርፑ በወዲያ በኩል ጭኗ ላይ አረፈ።
አክስቴ፣ ቀና ሳትል፦ «እንዴት ሆነ?»
ሌዮንቲኔ፣ ቀለበቷን ጣቷ ላይ እየመለሰች፦ «አለፈ።»

ገዢው ሰኞ መጣ፤ ሚዛን ላይ ሰቀለው፤
ሰባ አንድ ግራም። ቆጥሮ ከፈለው፣
ጠቀለለ፣ ሄደ። ባቡሩ ጮኸ፣ ራቀ።
ስለ ቀለበቱ አንድም አልጠየቀ።