መሬት የሌለው መስመር

ስልክ የደወለችው ምራቷ ነበረች፣ ከሃሊፋክስ ሆና።
«ጋራዡን እዪልን፤
ዝናብ በጣለ ቁጥር ፍሪዘሩ ይነዝራል።
እሷን አትጠይቂያት፤ ምንም የለም ትላለች።»

ሄድኩ። «ምንም የለም» አለችኝ ሙርዲና፣
በላኪ ቦት ጫማ በሩ ላይ ተገትራ፤
የኬፕ ብሬተን ዝናብ ከባሕር ተነስቶ ወደ ጎን ሲዘንብ፣
ከቤት እስከ ጋራዥ አርባ እርምጃ መርታኝ
የሩባርቡን መደብ በጥንቃቄ ዞራ።

ጋራዡን ላኪ ነው በጁ የገነባው፣
ባፈረሰው ጀልባ ሳንቃ የለበጠው፤
መብራቱንም ራሱ፣ ማንንም ሳያማክር
ቆፍሮ ዘርግቶታል በረዶ ሳይጀምር።
ከሰል ጉድጓድ ገብቶ ፓምፕ ሲጠግን ኖሮ
«መብራትም ውሃ ነው» ይል ነበር ደፍሮ።

መፈተሻዬን አወጣሁ።
አንዱን ጫፍ በፍሪዘሩ እጀታ፣ ሌላውን በረጠበው ወለል።
ቁጥሩ ተንጠራራ፤ ሠላሳ፣ ሃምሳ፣
ስልሳ ሁለት ቮልት።
ይህ ንዝረት አይደለም፤ ቀጠሮ ነው።

ሣጥኑን ከፈትኩት።
ሁለት ሽቦ ብቻ፤ ጥቁሩና ነጩ።
ሦስተኛው የታለ? ራቁቱን የሚሄደው፣
ሥራው ሌላ ያልሆነ፣
የባዘነውን ኃይል እጁን ይዞ መሬት የሚያወርደው?

አካፋ ተዋስኩ። ስንዝር ሳልቆፍር አገኘሁት፦
ለቤት ውስጥ የተሠራ ገመድ፣ በአትክልት ማጠጫ ጎማ ተከቶ፣
መሐሉ ተቀጥሎ፣ ቅጥሉ በዳቦ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣
የአካፋ ጥርስ አርፎበት፣
ሩባርቡ ሥሩን አስተኝቶበት።
ሠላሳ ስምንት ዓመት!
ቸኩሎ ነበር መሰለኝ፤
ሚስቱ በጨለማ ድንች ልታወጣ ስትወርድ እንዳትወድቅ።
ብርሃን ላኪ ነበር፤
መመለሻውን ግን አላሰበበትም።

«ላጠፋው ነው» አልኳት።
«ዛሬውኑ?»
«አሁኑኑ።»

እጇን ከኪሷ አወጣች፤ ጣቶቿን አየቻቸው።
«መጋቢት ላይ ቀበርነው» አለች።
«በሚያዝያ ዓሣ ላወጣ መጥቼ እጀታውን ስይዝ
ጣቴ ላይ መጣብኝ፤
ስብከቱ ሲረዝም መዳፌን በጥፍሩ
ጫር ጫር እንደሚያደርገኝ፣ እንደ ድሮው።
ዝናብ ሲጥል ነው የሚመጣ።
ሞኝ አይደለሁም፤ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።
ግን ዓሣው ካለቀ ሁለት ወር ሆኖታል፤
ባዶ ፍሪዘር ነው የምከፍተው።»

ምን ይባላል?
በሙያ ፈቃዴ ላይ ለዚህ የተጻፈ አንቀጽ የለም።
ማጥፊያውን ዝቅ አደረግኩት።
ፍሪዘሩ አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ቃተተ፣ ዝም።

«አሁን ልንካው?»
«ንኪው።»
ነካችው። ብዙ ቆየች።
«ብረት» አለች።

በሦስተኛው ቀን ቦዩ ተቆፈረ፣ ከጉልበት በላይ ጠልቆ፤
አዲሱ ገመድ ገባ፣ አሸዋ ለበሰ፣
ነገ ለሚቆፍር ሰው ቀይ ጥብጣብ ከላዩ ተነጠፈ።
ከጋራዡ ጥግ የሦስት ሜትር ዘንግ በመዶሻ ሰደድኩ፤
ድንጋይ እየመታ፣ ገለል እያለ፣
እርጥቡ አፈር እስኪውጠው።
አረንጓዴውን ሽቦ አንገቱ ላይ አሰርኩለት።

ሙርዲና ሩባርቧን መልሳ እየተከለች ታየኝ ነበር።
«ያ ደግሞ ምን ይባላል?»
«መሬት» አልኳት። «እኛ መሬት ነው የምንለው።
የጠፋ ኃይል መግቢያ አጥቶ ሰው ላይ እንዳይቀር።»

ዘንጉን አየችው፤ ጫፉ ብቻ ነው የቀረው።
ጭቃውን ከመዳፏ አራገፈች።
«እንግዲህ ገባ» አለች።

ከዚያ ሂሳቡን ጠየቀችኝ፤ ውድ ነው ብላ ተከራከረች፤
ከፈለችኝ።
ሩባርብም ጨመረችልኝ፣ አንድ እቅፍ፣
በዳቦ ላስቲክ ጠቅልላ።