ሞርሳ

አባቴ ዑመርዲን፣ የባቡር ጥገና ቤት፣
ሞርሳ ያጠብቅ ነበር፣ ብረት ሊሞርድበት።
ማታ ግን፣ ለገሃር በር ላይ፣ ወዳጁን ሰላም ሲል፣
የጨበጠው እጁ አልለቅም ይላል።
ሰውዬው ይስቃል፣ «ናፍቄህ ነው!» ብሎ፤
አባቴም ይስቃል፣ ሕመሙን አቅልሎ፣
ጣቶቹ ግን ገና ሞርሳው ላይ ናቸው።

እናቴ ብቻ ናት የምታውቅ ልኩን፤
ሠርግ ቤት፣ ከጠረጴዛ ሥር፣
አንድ በአንድ ትፈታለች ጣቱን፣
ፊቷ ሳይለወጥ፣ ወሬዋን ሳታቆም፤
ማንም አያይም።

ዛሬ እኔ፣ ከደቻቱ ማዶ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ማራገቢያው ሲንቋቋ፣ ስታብላይዘሩ ሲጮህ፣
ከእንቁራሪት ጭን የመዘዝኩትን ክር፣
ከፀጉር የማይወፍር፣
ጨው ውሃ ውስጥ ዘርግቼ፣
በሁለት የመስታወት መርፌ ሽፋኑን ወግቼ፣
«ከዜሮ በታች ዘጠና ሚሊቮልት፤ እዚያው ቁም» እለዋለሁ።
እዚያው አቆመዋለሁ።
ይህም ሞርሳ ነው፣ መንጋጋ የሌለው፣
ብረት ሳይሆን ቮልት የሚይዘው።

ከዚያ ባንዴ ወደ ዜሮ ስገፋው
ደቻቱ ይመጣል።
ድሬ ያደገ ያውቃል፦
ሰማዩ ጠርቶ፣ አሸዋው ደርቆ፣ ልጆች ኳስ ሲመቱ፣
ደንገጎ ላይ የዘነበው ይደርሳል ጎርፉ።
በር ይከፈታል፤ ሶዲየም ይገባል፤ በሺህኛ ሰከንድ
መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል፣ እንደ ገደል መንገድ።
በሩ ይዘጋል። ፖታሲየም ይወጣል፣
ቀስ እያለ፣ እንደ ቁልቢ ተመላሽ።

መሣሪያው የሚጽፈው ግን ጎርፉን አይደለም።
(ይህ እስኪገባኝ ሁለት ዓመት ፈጀ።)
የሚጽፈው፣ ውሃው ከልኩ እንዳያልፍ
እኔ በተቃራኒ የገፋሁትን ነው፤
የጸጥታውን ዋጋ።

ትናንት ጠብታ ጨመርኩ፣ የክሎራይድን በር የሚዘጋ።
ያ ሁልጊዜ ያለ፣ ጡንቻን የሚያረጋጋ
ትንሽ ጅረት ከወረቀቱ ጠፋ።
ሞርሳውን ፈታሁ። ክሩን አንዴ ነካሁት፤
ደግሞ በራሱ፣ ደግሞ፣ ደግሞ ተኮማተረ፣
ሁለቱን መርፌ ሰብሮ
ትእዛዙ ካለፈ በኋላ አልለቅም ብሎ ቀረ።
አወቅኩት። ያ አጨባበጥ የቤታችን ነበረ።

መብራት ጠፋ። በጨለማው ለእናቴ ደወልኩ፦
«እማ፣ ያኔ ከጠረጴዛው ሥር
ጣቱን ስትፈቺ፣ ስንት ጉልበት ይፈጅ ነበር?»
ዝም አለች።
«ማን ለክቶት?» አለች።
«ብቻ በግራ እጄ ነበር።
በቀኜ እበላ ነበር።»