የብርድ ጥናት

ሽማግሌ ልኮ፣ በሚያዝያ መባቻ፣
አባቴ ጠየቀኝ፣ እኔኑ ለብቻ፦
«ለመሆኑ ልጁ ምንድን ነው ’ሚሠራ?»
«ብርድ ያጠናል» አልኩት፣ ዓይኑን ሳልፈራ።
«ብርድማ፣» አለ አባቴ፣ «ከጥንትም በጮቄ
ሳያጠኑት ይጠናል።» አመለጠኝ ሳቄ።

እውነቱን ነበር።
አንማው ልጅ ሆኖ፣ በኅዳር፣ የናቱን የድንች ማሳ
አመዳይ በአንድ ሌሊት ልጦ፣ አጥቁሮት ሲነሳ፣
«ያን ጠዋት፣» ይለኝ ነበር፣ «ከሞተው ማሳ ዳር
አንድ ጅብራ ተገትሯል፣ ደህና እንዳደረ ባላገር።»
ምን ለብሶ? ምን ጠጥቶ? ማን መከረው? እያለ፣
ይህን ሲጠይቅ አደገ፣ ይህን ሲጠይቅ ዶክተር ተባለ።

ደብረ ማርቆስ፣ ከግቢው ጀርባ፣ ቆርቆሮ ክዳን ቤተ ሙከራ፤
መብራት በመጣ ቁጥር እንደ በሬ ማቀዝቀዣው የሚያጓራ።
እኔ ቴርሞሜትር ይዤ ቁጥር በእርሳስ ስጽፍ፣
እሱ የጅብራን ዝልግልግ ውሃ በብልቃጥ ሲያሳልፍ።
ጅብራ፣ ያላየ ካለ፣ ሲመሽ ቅጠሉን ያጥፋል፣
እንደ እጅ፣ እንደ ብዙ እጅ፣ እምቡጡን መሐል ያቅፋል፤
ውጭው በረዶ ሲሠራ ውስጡ ያለው ውሃ አይረጋም።
«ድንች ይህን ቢጠጣ፣» አለ፣ «ሰው በኅዳር አይሰጋም።»

ፍቅሩን የነገረኝ በደብተር ጠርዝ፣ በቀጭኑ ጽፎ፦
«ትሁኔ ስትገባ ክፍሉ ሁለት ዲግሪ ሞቀ»፣ ገጹን ግማሽ አጥፎ።

ድንቹ እምቢ አለ፤ ገብሱም። በጀት ተቆረጠ በሰኔ።
አንድ ቀን ከምሳ ስገባ፣ «ቁጥር ጻፊ» አለኝ፣ «ትሁኔ»።
እጅጌው ተሰብስቧል፤ ክንዱ ላይ የመርፌ ነጥብ።
ጻፍኩ። ሠላሳ ስድስት ከአራት። እጄ ብቻ ነበር የሚርገበገብ።

በሳምንቱ ሠላሳ። መስከረም ሲጠባ አሥራ ስድስት።
ልቡ አንዴ ትመታና ትቆያለች፣ ወሬዋን እንደምትረሳ አሮጊት።
ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይታጠፋል፣ ጉልበቱን ከደረቱ ያጣብቃል፤
ጎሕ ሲቀድ ይዘረጋል፤ ትራሱ ላይ አመዳይ ይብረቀረቃል።

በጥር ተጋባን። ድንኳን የተከራየው አባቴ።
የዚያን ቀን አሥራ አንድ ነበርክ፤ ቀለበት ሳጠልቅልህ ደነዘዘ ጣቴ።
እንግዶቹ «ፈርቶ ነው፣ እጁ በረዶ ሆነ» አሉ በሳቅ።
ማታ «ጮቄ ውሰጂኝ» አልከኝ፣ ከንፈርህ ከከንፈር ሳይላቀቅ።

የሠርጉን መኪና፣ አበባው እንደ ተጣበቀበት፣
ነዳሁት፣ ረቡዕ ገበያን አልፈን፣ መንገዱ እስኪያልቅበት።
ጫማህን አወለቅህ። «እዚህ» አልክ። አፈሩ ዋጠህ እስከ ቁርጭምጭሚት።
እናቴ «እንደ ጅብራ አትገተሪ» ትለኝ ነበር ስዘገይ፤
አንተን ገትሬ ወረድኩ፣ ደግሜ ወደ ኋላ ሳላይ።

አሁን ሦስተኛ ዓመቴ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እወጣለሁ፤
ሜትር እዘረጋለሁ፣ ቅጠል እቆጥራለሁ፣ እቆጣለሁ፦
የመንደሩ ሴቶች ቅቤ ቀብተውሃል፣ እንደ ቆሌ።
«ከበቀለ ወዲህ ውርጭ አልነካንም» ይላሉ። ምን ልበል? ባሌ ነው፣ ባሌ።
ግቢው ደግሞ ሪፖርት ይለኛል። ምን ብዬ?
«ናሙና ቁጥር አንድ፦ ሙሽራዬ»?

ዘንድሮ በጥቅምት ከመሐልህ ረጅም ዘንግ ወጣ።
ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔ ግን ደም ከፊቴ ታጣ።
ጅብራ በዕድሜው አንዴ ያብባል። አንዴ። ከዚያ ቆሞ ይደርቃል።
ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ያኔ የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል?
አንድ ብልቃጥ ቀርቷል፣ ቀኑ በእጅህ ጽሕፈት።
መብራት በጠፋ ቁጥር በረዶ ይዤ እሮጣለሁ፤
ለምን እንደሆነ አልጠይቃትም ነፍሴን፣ መልስ እንዳይኖራት።

ትናንት አልወረድኩም። መሸብኝ። ቅጠልህ መታጠፍ ሲጀምር
እጄን መሐል አስገባሁ፣ ከነቀለበቴ፣ ከነቴርሞሜትር።
ተዘጋህ፣ ጣት በጣት።
ውጭው፦ ከዜሮ በታች አራት።
ውስጡ፦
ቁጥሩን ለማንበብ እጄን ማውጣት ነበረብኝ።
አላወጣሁት።