ቆይ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣
የሊፍት ጉድጓድ እንጂ ሊፍት በሌለበት፣
ፍራሽ ገትሬ በግድግዳው ጥግ፣
ብርድ ልብስ ወጥሬ ከመስኮቱ ፊት
ስቱዲዮ አልኩት። ለስም አይከፈልበት።

ታች ሲሚንቶ የሚያቦካው ማሽን
ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል፤
እሱ እስኪተኛ እንጠብቃለን፣
እሱ ሲተኛ ውሻው ይነሳል።

ትርሲት የደረሰች ከምሽቱ ሦስት፣
ከአውቶቡስ ወርዳ፣ ጭቃ ጠጥቶ ጫማዋ፣
ሻርፗን ሳትፈታ ማይኩን ተጠግታ
አንዴ ዘፈነችው፤ አበቃ ዜማዋ።

የአዝማቹ መጨረሻ አንዲት ቃል ናት፦ ቆይ።
“እዚህ ጋ” አለችኝ፣ “ልክ እንደ ሸክላ፣
ሞተሩን ሲያጠፉት በገዛ ክብደቱ
እየዞረ፣ እየዛለ፣ እንደሚቆም ኋላ፤
እንደዚያ አድርግልኝ።
ድምፄ ይውረድ። እስከ ታች ይውረድ።”

ቀላል ነው አልኩ፤ ቀላል መስሎኝ።
ፕለጊኑን ከፈትኩ፣ አንድ ቁልፍ ነው ያለው፣
ግማሽ ባር ሰጥቼ ቁልፉን ተጫንኩት።
ቆይ ወደቀ።
ወደቀ እንጂ አልደከመም፤
ከደረጃ እንዳመለጠ ባዶ ጀሪካን
እየተንኳኳ ወረደ።

“አይደለም” አለች።

መስመሩን ሰርዤ በእጄ ሳልኩት።
እውነተኛ ሸክላ መጀመሪያ ያመነታል፤
ገና ያለ ይመስለዋል፣ ገና የሚዞር፤
ማለቁን የሚሰማው ዘግይቶ ነው፤
ያኔ ቀጭኑ ይወፍራል፣ አጭሩ ይረዝማል።
ማሚቶውን ቀድሜ ዘጋሁት፤
አለዚያ ድምፁ ቆሞ ማሚቶው ይሮጣል፣
ባለቤቱ አርፎ ጥላው እንደሚሄድ።

ትዝ አለኝ የአጎቴ ቴፕ፣ አቃቂ፣
ድንጋይ ሲጨርስ
ዘፋኙ እንደ ሰካራም ሲንዘላዘል፣
ድንጋዩን አውጥተን፣ በጥርሳችን ነክሰን፣
ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስመትተን
ሁለት ዘፈን ስንለምነው።
ሸክላ። ድንጋይ።
የዚያ ዘመን ድምፅ ከአፈር ነበር የሚሠራው፤
ሲሞትም እንደ አፈር ልጅ፣
እየተጎተተ፣ ተሰናብቶ።

ይህን ሳስብ መብራት ሄደ።
ስክሪኑ፣ ስፒከሩ፣ ያቺ ቀይ ነጥብ፣
ጭጭ።
አንዲት ፊደል እንኳ አልጎተተም።

በጨለማው ውስጥ ትርሲት፦
“አባቴ እንዲህ ነው የሄደው።
ጠዋት በሲኖው አሸዋ ጭኖ ወደ ገላን፣
ቀትር ላይ ስልክ።
ቆይ የምለው እሱን ነው።”

ምን ይባላል? ምንም አላልኩም።
ሻማ ፍለጋ ብሎኩ በሙሉ ሲንኳኳ
ዝም ብለን ሰማን።

መብራት የመጣው ከሌሊቱ ሰባት።
ፋይሉ ተርፏል።
ፕለጊኑን ተውኩት። “ቆ”ን አልነካኋትም፤
“ይ”ን ብቻ ቆርጬ፣ ብቻዋን አስቀምጬ
ጎተትኳት። ሁለት ሰከንድ። ሁለት ተኩል። ሦስት።
አጫወትኩት።

ድምጿ ወረደ፣ ከሴትነት ወጣ፣
ወፈረ፣ ደረት አበጀ፣
ሊቆም ሲል የሌላ ሰው ሆነ፦
ሲጋራ የነካው፣ አቧራ የጠጣ፣
ማታ በር ላይ ጫማውን እያወለቀ
ስም የሚጠራ ሰው።

አላለቀሰችም። እጇን ስፒከሩ ላይ አሳረፈች፣
ትኩሳት እንደሚታይበት ግንባር።
“ድገመው።”
ደገምኩት።
“ድገመው።”

ሲነጋጋ ታች ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ፣
ሲኖ ሲያልፍ በማዶው መስኮቴ ነዘረ፣
እሷም በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደች።

ከሦስት ሰከንድ በላይ ሬዲዮ አይታገሥም ይላሉ፤
አድማጭ ጣቢያ ይቀይራል።
ይቀይር።
አራት አደረግኩት።