ማን ልበል?

ሌሊት በር ሲንኳኳ፣ መወርወሪያው ሳይነሳ፣
«ማን ልበል?» ይባላል፤ ወግ ነው፣ አይደለም ወቀሳ።
ፕሮግራሜ ግን አይልም። ስም ሲሰጡት ይጠራል፤
የሰጡትን ሁሉ ስም ነው ብሎ ያምናል።

ዴልፍዛይል ወደብ ላይ፣ ከኤምስ ወንዝ አፍ፣
ዝናቡ በአግድም መስኮት ሲገርፍ፣
አርባ አንድ የውኃ መለኪያ በየአሥር ደቂቃ
ይጠይቃል ፕሮግራሜ፣ አንድ በአንድ እያነቃ።

በጥቅምት አንድ ማታ የደከመው ጣት
አዲስ ስም ሲመዘግብ ሰረዝ አስቀደመበት።
እንዲያው ጭረት። የጥፍር ቁራጭ የሚያህለው።
ኮምፒዩተሩ ግን ስም አላነበበም፣ ትእዛዝ ነው ያየው፤
«ሰረዝ» ያልነውን «ሰርዝ» ብሎ ሰማው።
ሰረዘው።
የሦስት ዓመት ማዕበል በአንድ ትንፋሽ ሄደ።

በነጋታው ዘበኛ አቆምሁ በሩ ላይ፦
ፊደል ይለፍ፣ ቁጥር ይለፍ፤ ሰረዝ ከመሃል እንጂ ከዳር እንዳይታይ፤
ከስድሳ ሦስት ሆሄ የረዘመ ይመለስ፤
ሌላ ምልክት የያዘ ከደጁ እንዳይደርስ።
ኮራሁ። ተኛሁም።

ሁለተኛው ማዕበል በኅዳር መጣ።
የሰሜን በር መለኪያ ከዝርዝሬ ወጣ።
ስሙ መሃል ሰረዝ አለው፣ ከመስመር ታች የወደቀ፣
ደንቡ የማያውቀው፤ ዘበኛዬ አየና ናቀ።
ሦስት ሰዓት ሙሉ ውኃው የት እንደደረሰ ማንም አላወቀ።

ፎከ መጣ፣ ሽማግሌው፣ እስከ ጉልበቱ ረጥቦ፣
ምሰሶውን በባትሪ ብርሃን በዓይኑ አንብቦ።
«ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ስም ስጠራው አቤት ብሎኛል።
አቤት ካለ ስሙ ነው። አንቺን ማን ጠይቆሻል?»

ዝም አልሁት። ትዝ አለኝ ማዘጋጃ ቤት የቆምሁበት ዕለት፤
ጸሐፊዋ «የቤተሰብ ስም?» ስትል፣ «የለንም፣ የአባት ነው» ስላት፣
ቅጹ ባዶ አይወድም ብላ ጭረት አሰመረችበት።
ይኸው መታወቂያዬ ላይ፦ ሰረዝ፣ ከዚያ ትርሲት።
በገዛ ዘበኛዬ በኩል
እኔ ራሴ አላልፍም።

ታዲያ ስም ይጣራ ወይስ ይጠራ?
እኔ እንጃ። የፊደሉን ማማር ተውሁት፤
ስሙ ከእጄ ወጥቶ ለትእዛዝ ከሚሰጥበት
አፋፍ ላይ ሁለት ሰረዝ ተከልሁ፦
«ከዚህ ወዲያ ያለው ስም ነው፣ ትእዛዝ አይደለም።»
የፎከን መለኪያም መለስሁ፣ ከነወደቀ ጭረቱ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። መስኮቱ ይገረፋል።
«ማን ልበል?» አልሁት።
«ሦስት ሜትር ከአርባ» አለኝ።