ግማሽ ዙር

ከአባቴ ሞት በኋላ ለእኔ የደረሰኝ መኪና
ቀለሙን ፀሐይ የበላው፣ ሞተሩ ግን ገና ደህና፤
ቀን መብራቶቹን ከድኖ ቦኔቱ ውስጥ አስተኝቶ
ማታ ቁልፉን ስነካው ይነሣል ዐይኑን ከፍቶ።

ግን ሁለቱ አይስማሙም።
ግራው አስፋልት ይጠርጋል፣ እንደ ታዛዥ ልጅ አቀርቅሮ፤
ቀኙ ዳር ዳሩን ያማትራል፣ ያበደረውን ሰው ጠርጥሮ።
አንድ ሌሊት ከሉማሜ ስመለስ አይሱዙ ጮኸብኝ ደጋግሞ፤
ሹፌሩ መስኮቱን አውርዶ «ሞተር ሳይክል መስለሽኝ!» አለኝ ቆሞ።

ደጀን ወሰድኩት፤ ከማደያው ጀርባ አንድ ጋራዥ ያለው ሰው፣
ስሙ እንየው ነው፤ የመጀመሪያ ቃሉም «እስቲ እንየው»።

ጎማውን ለካ፣ ነፋ። ደልዳላ መሬት ፈልጎ
መኪናውን አቆመው፣ ወደ እህል መጋዘኑ አስጠግቶ አድርጎ፤
አሥር እርምጃ ቆጠረ። ኖራ ይዞ፣ በክር
ግድግዳው ላይ መስቀል ሠራ፣ ከመብራቱ ቁመት ሥር።
«ባዶ መኪና አትመኚ፤ ይዋሻል። ተቀመጪበት፤
ሰው ሲጫነው ነው ልኩ የሚወጣው፤ እዚያው ሁኚበት።»

መጀመሪያ ክዳኑን አየ። ቀኙ ከቦኔቱ ጋር አልገጠመም፣
አንድ ጣት ያህል ከፍ ይላል፤ ሲጨፍንም አይጨፍንም።
ዘንጉን ፈትቶ አሳጠረ፣ ግራሶ ቀባ ማጠፊያውን፤
ጠቅ ብሎ ተከደነ፤ ሰማሁት ዝምታውን።

ከዚያ ወደ ማስተካከያው ብሎን መጣ፤ ካቻቢቴውን ሳያስገባ ቆመ፤
ባትሪ አበራ፣ ጠጋ አለ፣ ከንፈሩን ገጠመ።
«ይሄ አልተበላሸም» አለኝ።
«ሰው ሆን ብሎ ያዞረው ነው። ያውልሽ፣ ብሎኑ አናት ላይ
የጥፍር ቀለም ነጥብ አለ፣ እንዳይላቀቅ። ቀይ።»

የእናቴ ነው። አንድ ቀን ብቻ ተቀብታ ያስቀመጠችው፣
«ማን ወሰደብኝ?» ብላ ቤቱን ሁሉ ያመሰችው።

ያኔ ገባኝ። ቅዳሜ፣ የሉማሜ ገበያ ሲፈታ
አባቴ ቀስ ይል ነበር በዚያ መንገድ ማታ።
ዳር ዳሩን ሰው ይተማል፤ አህያ፣ ነጭ ጋዝ የያዘች ሴት፣
ጠላ ያዘነበለው ሽማግሌ፣ ከጨለማው የማይለይበት።
«አስፋልቱ የትም አይሸሽ፤ የሚንቀሳቀሰው ሰው ነው» ይል ነበር፤
አንድ ዐይን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ አንዱን ለመንገዱ ዳር።

እንየው ይጠብቀኛል። «ላቅናው? ወይስ ይቅር?»

አይሱዙው ትዝ አለኝ። ነገ ደግሞ የአባይ ቁልቁለት አለ፤
እዚያ በአንድ ዐይን አይወረድም።
«አቅናው» አልኩት።

ብሎኑ ሲዞር ቀለሙ ተሰነጠቀ፤
ብርሃኑ ከግድግዳው ጠርዝ ወደ መሐል ዘለቀ፤
መጣ፣ መጣ፣ የኖራው መስቀል ጋ ሊደርስ ግማሽ ዙር ሲቀረው
«በቃ» አልኩ።
«ትንሽ ይሸውራል እኮ።»
«ይሁን፤ እዚያው ላይ እሰረው።»

ማታ ወደ ሉማሜ ስመለስ፣ ከመንገዱ በስተቀኝ
አህያ የሚነዳ ሰው በብርሃኑ ዳር ታየኝ፤
ዞረ፣ እጁንም አነሣ።
አባቴን መስዬው ሰላምታ ይሁን፣
ዐይኑን ከብርሃኑ መከለሉ፣
አላወቅሁም።
ቀስ አልኩ ብቻ።