ግራ ታደላለች

ክንፏን የሰፋችው ዝደንካ ነበረች፣
በበረዶው ወራት፣ በእግር መኪናዋ እያመሸች።
ሸራው የድንኳን ነው፣ ሽቦው የፍሬን ነበረ፣
ሞተሯ የትራባንት፣ ቦይ ገብቶ ከቀረ፤
ጎማዋ ከጋሪ፣ ወንበሯ ከኩሽና፣
ኦልድርዢህ ገጣጥሞ፣ "ብልቃጥህን ጣልና ና!"

ቪሽኮቭ አጠገብ ነው፣ በሞራቪያ ሜዳ፣
ጤዛ ከስንዴው ላይ ሳይረግፍ፣ በማለዳ።
እኔ የእርሻ ተማሪ፣ ለልምምድ የመጣሁ፣
አፈር ልመረምር ብልቃጥ ይዤ የወጣሁ፤
ኦልድርዢህ ግን ያየኝ በሌላ ሚዛን ነው፦
"ሃምሳ አራት ኪሎ ነህ። ይሄ ለእሷ ልክ ነው።"

"ስማ፣ ትራክተር የለመደ እጅህን እቤት ተወው።
ይህን ዘንግ ስትገፋው አፍንጫዋ ሽቅብ ነው፣
ስትስበው ቁልቁል። ቀኝ ካማረህ ግራ ግፋው።
መሪ የላትም እሷ፣ መሪዋ ገላህ ነው፤
መሬት ሲቀርብህ ደንግጠህ ዘንጉን እንዳታቅፈው፣
እዚህ ያቀፈ ነው አፈሩን የሚስመው።
ጤዛ ከጠጣች እንደ እልኸኛ ላም ናት፣ አትሰማም፣
ካንዴላዋም ካልሲዬ ውስጥ ካላደረ አይነሳም።

ደግሞም ግራ ታደላለች። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤
ዝደንካ ስፌቱን ሦስቴ ፈታችው፣ አልተሻላትም።
ምን ይደንቃል? አገሩ ሁሉ ወደ ግራ አይደለም?"
ሳቀ። ዙሪያውን አየ።
ሳቁን ዋጠው።
ከመሳቢያ ሁለት እፍኝ ብሎን ዘገነና
ቀኝ ኪሴ ውስጥ ጨመረው። "እኔ የምበረው እንዲህ ነው።"

ካንዴላዋ ሦስት ሰዓት ድረስ አስለመነችን።
ፀሐይ ወጣች፣ ሊቀመንበሩም ነቅቶ ይሆናል፤
ግን ሸራ ጥብቅ ብሎ ቆሞ ማን ይመለሳል?
ገመዱን ሳበው። ሳለች፣ አጓራች፣ ተነሣች፤
ጎማዋ ከጉብታ ጉብታ ዘለለ፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤
አራተኛው ላይ መሬት የለ።

ጥቁሩ እርሻ ከሥር ሽቅብ ገፋኝ፣
አልፋልፋው መስክ ላይ ወንበሬ ከዳኝ፤
ሁለት ዓመት በብልቃጥ የለካሁትን አፈር
በመቀመጫዬ አነበብኩት፣ ፊደል ሳልቆጥር።

ብቻ ግራ፣ አሁንም ግራ።
ዳሌዬን ቀኝ ጣልኩ፤ ትከሻዬን ጨመርኩ፤ እሷ ግራ።
እጄን ኪሴ ሰደድኩ፤ ጣቴ ነፋስ ነካ።
ቀዳዳ ነበር፤ ብሎኖቹ አንድ በአንድ
ስንዴው ላይ ሲዘሩ ቆይተዋል ለካ።
የመጨረሻዋ ወደ ኋላ በረረች፣
ፕሮፔለሩን አገኘች።

ቋ! አለ። ጥርሴ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጠች፣
ሞተሩን አጠፋሁት።
ከዚያ በኋላ ያለውን ዝምታ እንዴት ልንገራችሁ፤
ሽቦው ያፏጫል፣ የሆነ ቤት ውሻ ይጮኻል፣
አንዲት ሴት ዶሮዎቿን ስትጠራ ይሰማል።
የአተሩ ማሳ እየሰፋ፣ እየሰፋ መጣ።
እጆቼ ማቀፍ ፈለጉ፣ እኔ ግን ገፋሁት፤
አፍንጫዋን ቀና አደረገች፣ እንደ ደከማት ሴት
ቁጭ አለች አተሩ ላይ።

ሰው እስኪመጣ እሸት አተር በላሁ።

ዝደንካ በብስክሌት ደረሰች። እኔን አላየችም፤
ክንፉን ዳሰሰች፣ ስፌት በስፌት፣ በአውራ ጣቷ፣
ከዚያ ኪሴ ገባ እጇ፤ በወዲያኛው ወጣ ጣቷ።
"ያን ሁሉ ሸራ ሦስቴ ስፈታና ስሰፋ፣
ኪስህን የሚያይ አንድ ሰው ይጥፋ?"
መርፌ ከኮሌታዋ ነቀለች፣
እንደቆምኩ ሰፋችው፣ ክሩንም በጥርሷ በጠሰች።

በመከር ጊዜ ኮምባይነሩ ሁለት ጥርስ ሰበረ፣
ሊቀመንበሩም "ብሎን ከሰማይ ዘንቦ አያውቅም" ሲል
በስብሰባ ተናገረ።
ኦልድርዢህ ጣራውን ያያል።
እኔም ከኋላ ረድፍ፣ የተሰፋ ኪሴን ይዤ፣
ወደ ቀኝ ዘንበል ብዬ ተቀምጬ ነበር።